የደብራችን ድረ ገጽ ለምን አይከፈትም?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በአሜሪካ የሚገኝ አንድ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ደብር ከሁለት ዓመት በፊት በወጣቶቹ አገልግሎት ድረ ገጽ አሠርቷል። ገጹ መልኩ ያማረ ነው፤ የሚከፍተው ግን የለም። ምእመኑ ሁሉን የሚሰማው ከቴሌግራም ነው፤ እንዲያም ሆኖ በየሳምንቱ «ቅዳሴ ስንት ሰዓት ይገባል?» የሚለው ስልክ አላቋረጠም። የሰበካ ጉባኤው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ «እንዝጋው ወይስ እናድሰው? ብናድሰውስ ምን እናስገባበት?» ሲሉ ጠይቀዋል።

አይዝጉት። ነገር ግን ድረ ገጹ የቴሌግራምን ሥራ እንዲሠራ አይጠብቁ። ቴሌግራም ደወል ነው፤ ይጠራል። ድረ ገጹ ደጀ ሰላም ነው፤ የመጣ ሰው ቆም ብሎ የሚጠይቅበትና መልስ የሚያገኝበት። ማክሰኞ የተለጠፈ የቴሌግራም ማስታወቂያ ሐሙስ ሲሆን «አሜን» እና «እንኳን አብሮ አደረሰን» ተደራርበውበት ይጠፋል። ባለፈው ሳምንት ወደ ከተማው የገባ ቤተሰብ ደግሞ ግሩፑ መኖሩንም አያውቅም፤ በግል ግሩፕ ውስጥ የተጻፈ ነገር በጉግል ፍለጋ አይወጣምና። ስለዚህ ማንኛውም ማስታወቂያ መጀመሪያ ድረ ገጹ ላይ ይጻፍ፤ ከዚያ ቴሌግራም ላይ ሁለት መስመር ጽሑፍና የገጹ ሊንክ ይላክ። ሰዓት ቢቀየር የሚታረመው አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል። በአምስት ግሩፕ የተበተነ ፍላየር እያሳደዱ መሰረዝ ይቀራል።

አሁን ያለውን የፊት ገጽ በስልክ ይክፈቱትና ወደ ታች ሳይስቡ የሚታየውን ብቻ ይመልከቱ። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ገጽ ላይ መጀመሪያ የሚታየው በየአምስት ሰከንዱ የሚለዋወጥ የጥምቀት ፎቶና «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በሰላም መጡ» የሚል ጽሑፍ ነው። ሰውየው መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ አድራሻ እየፈለገ ሊሆን ይችላል። በዚያች የመጀመሪያ ስክሪን ላይ የሚቀጥለው አገልግሎት ቀንና ሰዓት፣ ሲነኩት ካርታ የሚከፍት አድራሻ፣ ሲነኩት የሚደውል ስልክ ቁጥር፣ እንዲሁም በሳምንቱ የተለወጠ ነገር ካለ (በበረዶ ምክንያት የቀረ ጉባኤ፣ የተቀየረ የመኪና ማቆሚያ) እሱ ይቀመጥ። የደብሩ ታሪክና የፎቶ ማኅደሩ ከዚህ በታች ይከተላሉ።

ስልኩ የማያቋርጥበት ዋናው ምክንያት ግን የቀንና የሰዓት አጻጻፍ ነው፤ በዚህ ላይ ጊዜ ወስዶ መነጋገር ያስፈልጋል። የታኅሣሥ ገብርኤልን እንውሰድ። በ2019 ዓ.ም. ታኅሣሥ 19 ሰኞ ይውላል፤ በአሜሪካ አቆጣጠር ዲሴምበር 28 ቀን 2026 ነው። ሰኞ ምእመኑ ሥራ ስለሚገባ ሰበካ ጉባኤው ንግሡን እሑድ አደረገው እንበል። ፍላየሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ታኅሣሥ 19 የሚከበረው የቅዱስ ገብርኤል ዓመታዊ በዓል ቅዳሜ ሌሊት በማኅሌት ተጀምሮ እሑድ በድምቀት ይከበራል፤ ቅዳሴ 12 ሰዓት።»

በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ወጥመድ አለ። 19 ሰኞ ሆኖ ሳለ እሑድ ይላል፤ ስለዚህ አንባቢው ቀኑን ይመን ወይስ ዕለቱን አያውቅም። «ቅዳሜ ሌሊት» ለአንዱ ዓርብ ማታ ተኝተው የሚነሡበት ሌሊት ነው፤ ለሌላው ቅዳሜ ከመሸ በኋላ ያለው። «12 ሰዓት» ደግሞ ለእናትየው ንጋት ነው፤ አሜሪካ ላደገው ልጇ እኩለ ቀን። እርሷን በመኪና የሚያደርሳት ደግሞ እሱ ነው። ያው ማስታወቂያ እንዲህ ቢጻፍ ማንም አይደውልም፦

የታኅሣሥ ቅዱስ ገብርኤል ንግሥ
እሑድ ታኅሣሥ 18 ቀን 2019 ዓ.ም. (ዲሴምበር 27 ቀን 2026)
ማኅሌት፦ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት (በአሜሪካ ሰዓት 2፡00 ኤኤም)
ቅዳሴ፦ እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት (በአሜሪካ ሰዓት 6፡00 ኤኤም)
በዓሉ በሚውልበት ሰኞ ታኅሣሥ 19 በቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴ የለም።

የመጨረሻዋ መስመር ትንሽ ትመስላለች። ስእለት ያለበት ሰው ግን ሰኞን ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ፣ ጧፍና ጃንጥላውን ይዞ መጥቶ የተዘጋ በር የሚያገኘው እርሷ ስትቀር ነው። ሰኞም ቅዳሴ ካለ «አለ» ብሎ መጻፍ ነው። «ለእሑድ አጥቢያ» የሚለውን አነጋገርም አይተዉት፤ ሁለቱን ቀን አንድ ላይ ስለሚጠራ ለሌሊት አገልግሎት ከእርሱ የተሻለ ቃል የለም።

በድረ ገጹ ላይ የጉግል ካላንደር የሚያስገቡ ከሆነ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው «በየዓመቱ ይደገም» የሚለው ምርጫ ነው። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፤ ከዚያ ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል። የ2019 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስላላት የ2020 ዓ.ም. መስቀል ሴፕቴምበር 28 ቀን 2027፣ ጥምቀት ደግሞ ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ነው። ገና ግን በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ከጃንዋሪ 7 አይወጣም። ኮምፒዩተሩ ይህን አያውቅም። ፋሲካና በእርሱ ስሌት የሚወሰኑት አጽዋማትና በዓላትም በየዓመቱ ይዘዋወራሉ፤ የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24፣ ማለትም ሜይ 2 ቀን 2027 ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ባሕረ ሐሳቡን (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ስሌቱን) ከሚያውቁት አባት ጋር ተቀምጦ የዓመቱን ቀናት አንድ በአንድ በእጅ ማስገባት ነው፤ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ሁለተኛው ካላንደሩ የተከፈተበት የሰዓት ቀጠና ነው። አዲስ አበባ ተብሎ ከተሞላ፣ ጠዋት 6፡00 ተብሎ የገባው ቅዳሴ ዋሽንግተን ላለ ሰው በበጋ የዋዜማው ምሽት 11፡00፣ በክረምት 10፡00 ሆኖ ይታያል። በአሜሪካ በጋና ክረምት ነው የምንለው፤ ልዩነቱ ከሰባት ወደ ስምንት ሰዓት የሚቀየረው አሜሪካ ኖቬምበር ላይ ሰዓቷን ስትመልስ ነው።

ወደ ፍላየሩ ልመለስ። ፍላየር በሥዕለ አድኅኖና በወርቅማ ፊደል አጊጦ መውጣቱ ለበዓሉ ክብር ነው፤ ይቀጥል። ችግሩ ማስታወቂያው በፍላየሩ ውስጥ ብቻ ሲኖር ነው። ጉግል በፎቶ ውስጥ ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ተመርኩዞ ገጽዎን ለፈላጊው ያወጣል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ፊደሉን አጥርቶ ማጉላት፣ ስልካቸውን ማስነበብ ይቸግራቸዋል፤ አድራሻውንም ነክቶ ካርታ መክፈት የለም። ፍላየሩ ይለጠፍ፣ ከሥሩ ግን ያው መረጃ በጽሑፍ ይግባ። ከስልክ የወጣ ፎቶ ከሦስት እስከ አምስት ሜጋባይት ይመዝናል። ስፋቱን ወደ 1600 ፒክስል አውርዶ ከ300 ኪሎባይት በታች ማድረግ ለዓይን ምንም ልዩነት አያመጣም፤ ገጹ የሚከፈትበትን ፍጥነት ግን ይለውጠዋል።

ፊደሉ ራሱስ? ግዕዝ በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ፊደልን ሁሉ የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ ማንኛውም ዘመናዊ ስልክ ያነበዋል። ከዚያ በፊት በነበሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ የቆዩ መጽሔቶችና የትምህርት ጽሑፎች ግን ወደ ገጹ ሲገለበጡ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅ ሆነው ይወጣሉ። የፊደሉን ቅርጽ (ፎንቱን) በመቀየር አይስተካከሉም፤ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መተየብ አለባቸው። ለገጹ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው ፎንት ይበቃል፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። የጽሑፉ መጠን ከ17 ፒክስል አይነስ፤ የመስመሩ ርቀት ደግሞ ከፊደሉ 1.7 እጥፍ ያህል ይሁን፤ ፊደላችን ቁመታም ስለሆነ ለእንግሊዝኛ የተሠራ ዲዛይን መስመሮቹን ያጨናንቃቸዋል። የተጋደመ ጽሑፍ ለአማርኛ አይጠቀሙ።

በጣም የሚዘነጋ ነገር አለ፤ የሞክሼ ፊደላት፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት ጉዳይ። ደብሩ «ጸሎት» ብሎ ይጽፋል፤ ፈላጊው «ፀሎት» ብሎ ይጠይቃል። ሥላሴና ስላሴ፣ ኃይማኖትና ሃይማኖትም እንዲሁ። የድረ ገጹ የውስጥ ፍለጋ እነዚህን እንደተለያዩ ቃላት ነው የሚያያቸው፤ ስለዚህ ፈላጊው «ምንም አልተገኘም» ይባላል። የገጹ ሠሪዎች ፍለጋው ከመካሄዱ በፊት ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የሚያመጣ ጥቂት መስመር ኮድ ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ይህ ካልሆነ የውስጥ ፍለጋውን አንሥቶ በርእስ በርእስ ማስቀመጥ ይሻላል። የደብሩ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍም ዓይነቱ ብዙ ነው፤ መድኃኔ ዓለምን ብቻ ሰዎች በሦስት በአራት ዓይነት ይጽፉታል። አንዱን መርጣችሁ በገጹ፣ በካርታውና በዩቲዩቡ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ሌሎቹን አጻጻፎች «ስለ እኛ» በሚለው ገጽ ላይ አንዴ መጥቀስ ለፍለጋ ይረዳል። የየገጹ አድራሻ ግን በአጭር የላቲን ፊደል ይሁን። በፊደላችን የተሠራ አድራሻ ወደ መልእክት ሲገለበጥ እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ «ሚካኤል» ብቻ 36 ምልክት ይሆንና ሰው ቫይረስ መስሎት አይከፍተውም።

ከድረ ገጹ እኩል የሚሠራው የጉግል ካርታ መዝገብ ነው። ነጻ ነው። መዝገቡ የደብሩ መሆኑን ለማረጋገጥ ጉግል ብዙ ጊዜ የሕንፃውን መግቢያና ምልክት የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይጠይቃል። ሕንፃው ከሌላ ቤተ እምነት የተከራያችሁት ከሆነ ሁለቱ መዝገቦች ሊቀላቀሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ የራሳችሁን ስም የያዘ ሰሌዳ በሩ ላይ ይኑር፤ በየትኛው በር እንደሚገባ የሚያሳይ ፎቶም ይጨመር። ማንኛውም ሰው ሰዓቱ እንዲቀየር ሐሳብ ማቅረብ ስለሚችል መዝገቡን በየሳምንቱ አንዴ ማየት ያስፈልጋል።

ምን እናስገባበት ለሚለው፣ መልሱ ያለው በስልኩ ዘንድ ነው። ስልክ የሚያነሣው አገልጋይ ለአንድ ወር የሚጠየቀውን በደብተር ይጻፍ። ብዙ ጊዜ ክርስትና፣ ተክሊል፣ ፍትሐት፣ የልጆች ትምህርትና ስእለት ይሆናል። እያንዳንዱ የራሱ ገጽ ይኑረው። የክርስትናው ገጽ ለምሳሌ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን መሆኑን፣ ለወንድ የክርስትና አባት ለሴት የክርስትና እናት እንደሚያስፈልግ፣ ከስንት ሳምንት በፊት ለማን እንደሚደወል፣ በዕለቱ ስንት ሰዓት እንደሚገኙና ምን ይዘው እንደሚመጡ ይናገር። የፍትሐቱ ገጽ ከሁሉ አጭር ይሁን፤ የሚከፍተው በሌሊት የደነገጠ ሰው ነው። ከላይ በሌሊትም የሚነሣ የካህን ስልክ፣ ከዚያ ከቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ጋር ቀን ከመቁረጣቸው በፊት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንዲደውሉ የሚል አንድ መስመር።

የእንግሊዝኛው ገጽ ለፈረንጅ ብቻ አይደለም፤ ለገዛ ልጆቻችንና ለትዳር አጋሮቻቸው ነው። ሙሉ ትርጉም አያስፈልገውም። ጫማ እንደሚወልቅ፣ ወንዶችና ሴቶች በየወገናቸው እንደሚቆሙ፣ ነጠላ የሌላት እንግዳ ምን እንደምታደርግ፣ ቅዳሴው ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ሊወስድ እንደሚችል፣ ለመቁረብ አስቀድሞ ከካህን ጋር መነጋገር እንደሚገባ ቢነገር ይበቃል። ይህን ለማሽን ትርጉም አይስጡ፤ «ንግሥ»ን ከንግሥና፣ «ቅኔ ማኅሌት»ን ከግጥም ጋር ሊያምታታው ይችላል። እዚያው ያደገ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ይጻፈው፤ ካህን ይየው።

የገንዘብ ነገር። አሥራት፣ መባና ስእለት የሚገባበት የዜል (በአሜሪካ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ) አድራሻ በድረ ገጹ ላይ ያለ ተጨማሪ ፍለጋ ይታይ፤ «በሌላ መንገድ የሚላክላችሁን ቁጥር ከዚህ ገጽ ጋር ሳታመሳክሩ አትክፈሉ» የሚል ማሳሰቢያም ይኑረው። አጭበርባሪዎች የደብሩን ዓርማ ለጥፈው የራሳቸውን ቁጥር በግሩፕ ሊበትኑ ይችላሉ፤ በዜል አንዴ ለተመዘገበ ተቀባይ የተላከ ገንዘብ ደግሞ መሰረዝ አይቻልም። አድራሻው በሒሳብ ሹሙ የግል ስልክ ሳይሆን በደብሩ የባንክ ሒሳብና ኢሜይል መመዝገብ አለበት። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ለግብር ቅናሽ ከደብሩ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ እንዴት እንደሚጠይቅ በዚያው ገጽ ላይ ቢጻፍ በጃንዋሪ የሚመጣው ስልክ ይቀንሳል።

አሁን ከሁሉ አስቀድሞ መጣራት ወዳለበት። የድረ ገጹ ስም፣ ዶሜኑ፣ በማን ተመዝግቧል? ብዙ ጊዜ ገጹን የሠራው ወጣት በራሱ ኢሜይልና ካርድ ያስመዘግበዋል። በቅንነት ነው ያደረገው። ግን ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ወይም ካርዱ ሲያልቅ ዕድሳቱ ያልፋል። ዶት ኦርግ በመሰሉት ላይ ጊዜው ካለፈ በኋላ መዝጋቢው የሚሰጠው የዕድሳት ጊዜ አለ፤ ስሙ ከተሰረዘ በኋላ ደግሞ ተጨማሪ ገንዘብ ተከፍሎ የሚመለስበት 30 ቀን። ያም ካለፈ ማንም ሊገዛው ይችላል፤ የቤተ ክርስቲያን ስም የቁማር ማስታወቂያ ይዞ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ስሙ በደብሩ ስም፣ በግለሰብ ስም ሳይሆን በኃላፊነቱ ስም በተከፈተ ኢሜይል ይመዝገብ፤ ራሱ እንዲታደስ ይደረግ፤ በአንድ ጊዜ ለብዙ ዓመት መክፈልም ይቻላል። ፓስወርዶቹን ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቃቸው፤ በታሸገ ፖስታም በጽሕፈት ቤቱ ካዝና ይቀመጡ። የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ተደርጎ ርክክብ ሲሆን ከማኅተሙና ከንብረት መዝገቡ ጋር ይህም ይፈረምበት።

ገጹ ወርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ ከተሠራና በየወሩ የሚያድሰው ሰው ከሌለ ያረጁ ተጨማሪ ፕሮግራሞቹ (ፕለጊኖቹ) የሰርጎ ገብ መግቢያ ይሆናሉ። የማያድሱት ከሆነ ራሱ ወደሚታደስ ቀላል አገልግሎት፣ ጉግል ሳይትስ ወይም ዊክስ፣ ማዛወር ይሻላል። ውበቱ ትንሽ ቢቀንስም ይሠራል።

ማን ይሙላው? አንድ ሰው፣ ሐሙስ ማታ፣ ግማሽ ሰዓት። ምትክም ይኑረው። ገጹ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በሰው እጦት ሳይሆን በፈቃድ ጥበቃ ነው። እያንዳንዱ መስመር የአስተዳዳሪውን ይሁንታ የሚጠብቅ ከሆነ ማስታወቂያው ከበዓሉ በኋላ ይወጣል። በስብሰባ አንዴ ይወሰን፦ ሰዓት፣ ቀንና ለውጥ ያለ ፈቃድ ይለጠፋል፤ ትምህርት፣ መግለጫና የሰው ስም ያለበት ሁሉ ግን ካህን ሳያየው አይወጣም።

የቀጥታ ሥርጭት ካላችሁ፣ በየሳምንቱ አዲስ ሊንክ ከመላክ የዩቲዩብ ቻናሉን ቋሚ የቀጥታ ሊንክ በገጹ ላይ አንዴ ማስቀመጥ ነው። ከስልክ በቀጥታ ለማስተላለፍ ቢያንስ 50 ተከታይ ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ፈቃድም እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል በዓሉ ዋዜማ ላይ አይጀመር። ድምፁ ከካሜራው ሳይሆን ከሚክሰሩ ይወሰድ።

አንድ ነገር በጥብቅ። ድረ ገጽ ደጁ ለዓለም የተከፈተ ነው። የታመሙ ሰዎች ስም፣ ለጸሎት የተሰጠ የክርስትና ስም፣ የልጆች ፎቶ ከነስማቸው፣ ያለ ፈቃድ አይውጣ። ከሀገር ቤት ሸሽተው የመጡ፣ የስደት ጉዳያቸው ያላለቀ ሰዎች በመካከላችን አሉ፤ ፊታቸው በጥምቀት ፎቶ ላይ መውጣቱ ለእነርሱ ሌላ ትርጉም አለው። የሐዘን ማስታወቂያ ላይ የፍትሐቱና የቀብሩ ቦታና ሰዓት ይገለጽ፤ የሐዘንተኞቹ የቤት አድራሻ ግን በስልክ ብቻ ይነገር፤ ሁሉም ወደ ቀብር ወጥቶ ባዶ የሚሆን ቤት አድራሻው ከሰዓቱ ጋር መታወጅ የለበትም።

እድሳቱ ሲያልቅ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ ገጹን አይተው የማያውቁ ሦስት እናቶችን ያስቸግሩ። የገዛ ስልካቸውን ይዘው «የፊታችን እሑድ ቅዳሴ ስንት ሰዓት ይገባል?» ለሚለው መልሱን ይፈልጉ። አጠገባቸው ቆመው አይርዷቸው፤ ጣታቸው የት እንደሄደና የት እንደቆመ ብቻ ይመልከቱ። በአሥር ሰከንድ ውስጥ ካላገኙት የቆሙበትን ቦታ ይጻፉና በማግስቱ ለሠሪዎቹ ይስጡ።